ድህነት ምስክር ሲቆም

ሚኒያፖሊስ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ለእረፍት ሲመጣ አንድ ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ የአሜሪካን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ እነዚህን ሰዎች አስተምረዋል?» አለኝ። ሽፋኑን ሳየው የሉዊዝ ኧርድሪክ «የሌሊቱ ዘበኛ» ነው። እውነቱን ለመናገር አላስተማርኩም። ሄሚንግዌይን አስተምሬያለሁ፤ ማርክ ትዌይንንና ፎክነርንም እንደዚሁ። የአገሩ ነባር ባለቤቶች ግን በእኔ ክፍል ወንበር አልነበራቸውም። ስለዚህ ይህቺን ሂስ የምጽፋት እንደ መምህር ሳይሆን፣ ያልሠራውን የቤት ሥራ ዘግይቶ እንደሚያስረክብ ተማሪ ነው።

መጽሐፉ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሰሜን ዳኮታ፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ፣ የተርትል ማውንቴን ቺፔዋዎች በሚኖሩበት ምድር ነው። ደራሲዋ የዚሁ ነገድ አባል ናት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቶማስም በእናቷ አባት በፓትሪክ ጉርኖ አምሳል የተቀረጸ ነው። ሰውየው ሌሊት ፋብሪካ እየጠበቀ የነገዱ ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር የአሜሪካ ኮንግረስ ቁጥር 108 የተባለ ውሳኔ አሳለፈ። ላይ ላዩን ሲያዩት ነጻ ማውጣት ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ ግን መንግሥት ለነገዶቹ በውል የገባውን ግዴታ ይተዋል፣ መሬታቸውም ከለላውን ያጣል ማለት ነው። በስም ከተጠሩት ነገዶች አንዱ ተርትል ማውንቴን ነበር። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ቀደም ሲል በ1892ቱ ስምምነት 10 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት በ1 ሚሊዮን ዶላር እንዲያስረክቡ የተደረጉ ናቸው። ኤከሩ በአሥር ሳንቲም!

የኧርድሪክ ችሎታ ይህን ሁሉ ፖለቲካ ወደ አንድ ቤት ማስገባቷ ነው። ፓትሪስ የተባለችው ወጣት ከእናቷና ከወንድሟ ጋር የምትኖረው በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት ነው። ለእኛ አንባቢ የጭቃ ቤት ማብራሪያ አያሻውም። ፓትሪስ ቀን ፋብሪካ ትውላለች፤ ቤት ስትመለስ መጥረቢያ አንስታ እንጨት ትፈልጣለች። ደራሲዋ በዚያ ቤት አታላቅስበትም፣ አታሽሞነሙነውምም። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፤ በቃ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የዋሽንግተኑ ሙግት ነው። ቶማስና ጓደኞቹ እንደራሴዎቹ ፊት ሲቀርቡ ዋና መሣሪያቸው የሕዝቡን ኑሮ ያጠናች አንዲት ተማሪ የያዘችው ወረቀት ነው። ምን ማለት ነው? ሕዝብ ሆነው ለመቀጠል ድሃ መሆናቸውን ማስመስከር ነበረባቸው። ሰው ቢቸግረው በሩን ዘግቶ ገመናውን ይሸፍናል። እነርሱ ግን ገመናቸውን አደባባይ አውጥተው ምስክር አቆሙት። በእውነተኛው ታሪክም በ1954 እ.ኤ.አ. ልዑካኑ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ተሟግተዋል፤ ነገዱም ከመፍረስ ድኗል።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። ፓትሪስ የጠፋች እህቷን ፍለጋ ሚኒያፖሊስ ስትወርድ ትረካው ሲኒማ ሲኒማ ይሸታል። የመጠጥ ቤቱ የውኃ ውስጥ ትርዒት ያስገርማል እንጂ የጭቃውን ቤት ያህል አያሳምንም። ደግሞም ሙግቱ ሲያበቃ አንባቢ እፎይ ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። የቤቱ ጉዳይ ግን አልተዘጋም።

የአሜሪካ የቤቶች ሚኒስቴር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በነገዶቹ ምድር መጠለያ አጥተው በዘመድ ቤት በደባልነት የሚኖሩት ሰዎች ከ42 ሺህ እስከ 85 ሺህ ይደርሳሉ ብሎ ገምቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ አብዛኛው መሬት በመንግሥት አደራ የተያዘ ስለሆነ ባንክ እንደ ልቡ በመያዣነት አለመቀበሉ ነው። ጥናቱ ይህን መጨናነቅ ይለዋል፤ ልክ ነው። ልብ ወለዱን ያነበበ ሰው ግን ከቁጥሩ ጀርባ ሌላም ነገር ያያል፦ ዘመዱን ሜዳ ላይ ላለመጣል ፍራሹን ያካፈለ ሰው። ችግሩም ደግነቱም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ተደብለዋል።

ደግነቱ ከአቅም በላይ ሲሆንስ? በ2018 እ.ኤ.አ. ሚኒያፖሊስ ከተማ መሐል በመንገድ ዳር የድንኳን ሰፈር ተተክሎ ነበር፤ አብዛኞቹ ነዋሪዎች የነባሩ ሕዝብ ልጆች ነበሩ። የእህቴ ልጅ በዚያ በኩል ታክሲ ሲነዳ ያያቸው ነበር። «ጋሼ» አለኝ፣ «እኔ ከሐበሻ አገር ሄጄ የቤት ቁልፍ ይዤ እዞራለሁ። ባለ አገሮቹ ድንኳን ውስጥ ናቸው። መጽሐፉን የገዛሁት አፍሬ ነው።»

እኔም አፈርኩ። በአገራችን ቤት የገባን ሰው «ቤት ለእምቦሳ» እንለዋለን። ኧርድሪክን ሳነብ ይህቺ ምርቃት ስንት ሙግት እንደምታስከፍል ገባኝ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ የት እንዳላችሁ አላውቅም፤ ያጎደልኩባችሁን ይህን መጽሐፍ ፈልጋችሁ አንብቡልኝ።