ሴንሰሩ ከመከሰሱ በፊት

ጠዋት አልነሳ የሚል፣ ሲነሳም ሚኒሞው የሚዋዥቅ፣ ቤንዚን የሚጨርስና ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና ወደ ጋራዥ ሲመጣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ፍርዱን ሰጥቶ ነው የሚደርሰው፦ «የሙቀት ሴንሰሩ ነው፣ ቀይርልኝ።» አንዳንዴ ልክ ይሆናል። እኔ ግን ሳልለካ አልቀይርም።

ሴንሰሩ የራዲያተሩ ውሃ በሞተሩ ውስጥ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የተተከለ ነው። ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። በብዙ ቶዮታዎች በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ይለካል። የሞተሩ ኮምፒውተር 5 ቮልት ይሰጥና በመስመሩ ላይ ከሚያየው ቮልቴጅ ሙቀቱን ያሰላል። ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ካመነ ቤንዚን ይጨምራል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ቀዝቃዛውን ሞተር ሞቋል ብሎ ካመነ ደግሞ ቤንዚን ይቆጥብበታል፤ ጠዋት ሞተሪኖው እየዞረ መኪናው አልነሳ የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የምወደው ምርመራ ምንም አያስፈታም። መኪናው ቆሞ ያድራል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ በስካነሩ ሁለት ቁጥሮች አያለሁ፦ የውሃውንና ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት። ሌሊቱን አብረው ስለቀዘቀዙ መቀራረብ አለባቸው። በኅዳር የአዲስ አበባ ብርድ አየሩ 10 ዲግሪ፣ ውሃው 35 ከተነበበ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። እንዲህ ያለ ስህተት ብዙ ጊዜ የሞተር መብራት አያበራም፤ 35 ዲግሪ ለኮምፒውተሩ የሚታመን ቁጥር ነውና።

የሞተር መብራቱ በርቶ ፒ0118 የሚል የስህተት ኮድ ሲወጣም ኮዱ የሚናገረው ስለ መስመሩ እንጂ ስለ ዕቃው ብቻ አይደለም። ሶኬቱን ስነቅል ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 አካባቢ ማሳየት አለበት። በሶኬቱ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ሳገናኝ ቁጥሩ ከ120 በላይ መውጣት አለበት። እንዲህ ከሆነ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፣ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ይሄዳል። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግን አዲስ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ እውነት ተናግሮ የተጣለው ሴንሰር ነው። መኪናው እንዳይሞቅ ተብሎ ቴርሞስታቱ ወጥቶ የተጣለበት ሞተር ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ 60 ዲግሪ እንኳ ላይደርስ ይችላል። ሴንሰሩ ይህንኑ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ሴንሰሩ ይቀየራል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ደህና ቴርሞስታት ካለ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ሞተሩ እስኪሞቅ ቀዝቅዞ ይቆይና በድንገት ይሞቃል። ከሌለ ከመጀመሪያው ቀስ እያለ ይሞቃል።

ውሃ ሲጎድልም ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀርና የማይታመን ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ውሃውን አያለሁ። በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውሃ ለዓመታት የተሞላበት ራዲያተር ከሆነ ዝገቱና ደለሉ የሴንሰሩን ጫፍ ሸፍነውት አገኛለሁ።

እባክዎ ለአዲስ ሴንሰር ከመክፈልዎ በፊት መካኒክዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ስንት ዲግሪ አነበበ? ቴርሞስታቱስ ቦታው ላይ አለ?