ስለ ሶፕራኖስ ትያትር ፍጻሜና ስለ ተመልካቾቹ ቍጣ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ድርሰትን የሚመረምር ሰው ሁለት ነገር ሊመለከት ይገባዋል። አንደኛው ደራሲው የሠራው ሥራ ነው፤ ሁለተኛውም ያ ሥራ በተመልካቹ ልብ ውስጥ ያለውን ነገር እንዴት እንደ ገለጠው ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ኋለኛው ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ዛሬ ስለ ሁለቱም ጥቂት ቃል ለመጻፍ ያነሣሣን፥ በአሜሪካ አገር ተደርሶ ከተፈጸመ ብዙ ዓመት ያለፈው፥ ነገር ግን በፍጻሜው ምክንያት የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ ያልበረደ አንድ የቴሌቪዥን ትያትር ነው። የወንበዴ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ላይ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነብ እንለምነዋለን።

ትያትሩ ሶፕራኖስ ይባላል፤ ደራሲው ዴቪድ ቼስ ነው። ኤች ቢ ኦ በሚባለው ጣቢያ መታየት የጀመረው ጥር 2 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲሆን፥ በስድስት ምዕራፍ 86 ክፍል ታይቶ ሰኔ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁን 10 ቀን 2007፥ ተፈጸመ። ከዚህ በታች የምንጠራው ዘመን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው። ታሪኩ በኒው ጀርሲ ስለሚኖር፥ ቶኒ ሶፕራኖ ስለሚባል የወንበዴዎች አለቃ ነው። ይህ ሰው በቤቱ አባወራ ነው፤ ልጆቹን ይወዳል፤ በመዋኛው ኵሬ ወርደው ጫጩት ያሳደጉ ዳክዬዎች በርረው ቢሄዱበት እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ከቤቱ ሲወጣ ግን ቀማኛ፥ አመንዝራና ነፍሰ ገዳይ ነው። ልቡ እየታወከ ራሱን ስለሚስት፥ ሜልፊ ወደምትባል የአእምሮ ሐኪም እየሄደ የልቡን ይነግራታል። ጄምስ ጋንዶልፊኒ የሚባለው፥ በ2005 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በ51 ዓመቱ የሞተው ተጫዋች፥ ይህን ሰው እንዲህ አድርጎ ስለ ተጫወተው፥ ተመልካቹ ክፋቱን እያየ ሰውየውን መጥላት ተሳነው።

የፍጻሜው ነገር እንዲህ ነው። በመጨረሻው ክፍል የቶኒ ዋና ጠላት ተገድሏል፤ ጠቡም በርዷል። ነገር ግን ከገዛ ሰዎቹ አንዱ ለመንግሥት ሊመሰክርበት እንደ ተዘጋጀ ሰምቷል። በብሉምፊልድ ከተማ ካለ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ቤተ ሰቡን ይጠብቃል። የበሩ ደወል ያቃጭላል፤ ቶኒም ቀና ብሎ ያያል። ሚስቱ ካርሜላ ትገባለች። ቀጥሎም አንድ የማይታወቅ ሰው ይገባል፤ ከኋላው የቶኒ ወንድ ልጅ ይከተላል። ያ ሰው ጥቂት ተቀምጦ ቶኒን በዐይኑ ጥግ አየት እያደረገ ኋላ ወደ መጸዳጃ ቤት ያልፋል። ሴት ልጁ ሜዶው በደጅ መኪናዋን ለማቆም ስትቸገር ቆይታ እየሮጠች ትመጣለች። ደወሉ ያቃጭላል፤ ቶኒ ቀና ይላል፤ ወዲያው ሥዕሉም ድምፁም ባንድ ጊዜ ተቈርጦ ጨለማ ይሆናል። 10 ሰኮንድ ያህል ጨለማ ብቻ ከታየ በኋላ የሠሪዎቹ ስም ይወጣል። ሌላ ነገር የለም።

በዚያች ሌሊት ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይመለከት ነበር። የብዙዎቹ የመጀመሪያ አሳብ መሥመሩ ተቋረጠ ወይም መሣሪያው ተበላሸ የሚል ነበር። ስሞቹ መውጣት ሲጀምሩ ግን የተደረገው ሁሉ ታስቦ መሆኑን ዐውቀው ተቈጡ። የጣቢያው የኢንተርኔት ገጽ ከተጣደፈበት ሰው ብዛት የተነሣ ተጨናንቆ ቆመ። አንዳንዶቹ ደራሲው አታለለን አሉ፤ አንዳንዶቹም ከዚህ የሚበልጥ ፍጻሜ አይገኝም ብለው አመሰገኑ። ሌሎቹ ደግሞ ምስጢር ፍለጋ ተሰማሩ። ወደ መጸዳጃ ቤት የገባው ሰው፥ በ1964 ዓ.ም. በወጣው ጎድፋዘር በሚባለው ሲኒማ ጠመንጃ ሊያወጣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚገባውን ያስታውሳል አሉ። በገበታው የቀረበውን የተጠበሰ ሽንኵርት ሦስቱም አንድ አንዱን ሳይገምጡ በአፋቸው ማግባታቸውን አይተው፥ ይህ የቍርባን ምሳሌ ነው ያሉም አልጠፉ።

የተመልካቾቹን ክስ ለሁለት ከፍሎ መመርመር ይሻላል። የመጀመሪያው ክስ ታሪክ ፍጻሜ ሊኖረው ሲገባ ያለ ፍጻሜ ቀረ የሚለው ነው። ይህ ክስ የጸና አይደለም። መጻሕፍትን የምናነብ ሰዎች፥ መጽሐፈ ዮናስ በእግዚአብሔር ጥያቄ እንደሚፈጸም፥ ዮናስ ምን ብሎ እንደ መለሰም እንዳልተጻፈ እናውቃለን። በጠፋው ልጅ ምሳሌ አባትየው ታላቁን ልጅ በደጅ ቆሞ ይለምነዋል፤ ታላቁ ልጅ ወደ ግብዣው ይግባ አይግባ ግን አልተነገረንም። የሐዋርያት ሥራም ቅዱስ ጳውሎስን በሮም ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሲያስተምር ትቶት ያበቃል፤ ሰማዕትነቱን አይተርክም። ይህ ሁሉ ከጕድለት የመጣ አይደለም። ዮናስ ያልመለሰውን እንድንመልስ፥ ታላቁ ልጅ የቆመበት ደጅ የእኛ ደጅ መሆኑን እንድናስተውል ነው። እንግዲህ ፍጻሜን ለሰሚው መተው የታወቀ የጥንት ሥርዓት ነው። ይህን ስንል ቅዱሱን ከዓለማዊው ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ የአነጋገሩን ሥርዓት ማሳየታችን ነው እንጂ።

ነገር ግን ፍጻሜን መተው አንድ ነገር ነው፥ መውጫ መከልከል ሌላ ነው። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ልዩነት ያውቃል። ባለቅኔ ሰሙን አበጅቶ ወርቁን በውስጡ ያፈስሳል፤ በጉባኤ ቆሞም ወርቁ ይህ ነው ብሎ አይፈታም። ሰሚው ግን ወደ ወርቁ የሚያደርሰው መንገድ በአገባቡ ሊኖረው ግድ ነው። መንገድ የሌለው እንደ ሆነ መምህሩ ይህ ቅኔ አይባልም ብሎ ተማሪውን ይመልሰዋል። የትርጓሜ ሊቃውንትም አንድም እያሉ ብዙ ያወጣሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ አንድም በንባቡ ላይ ይቆማል፤ ከንባብ የወጣ አንድም ልብ ወለድ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው ቼስ መንገድ ሰጥቷልን የሚለው ነው።

እኛ እንደሚመስለን ሰጥቷል፤ መንገዱም በአገባቡ ውስጥ ነው። በዚያ ምግብ ቤት ደወሉ ያቃጭላል፥ ቶኒ ቀና ይላል፥ ቀጥሎም ቶኒ በዐይኑ የሚያየውን እኛ እናያለን። ይህ እየተመላለሰ ልማድ ይሆናል። በመጨረሻው ጊዜ ደወሉ አቃጨለ፥ ቶኒ ቀና አለ፤ ቶኒ የሚያየው ሊታይ በሚገባበት ስፍራ ጨለማ መጣ። ባለቤቱና ማሠሪያው የታወቀ ዐረፍተ ነገር አንድ ቃል ቢጐድለው የጐደለው ቃል ከአገባቡ እንደሚታወቅ፥ ይህም እንዲሁ ነው። ከጥቂት ሳምንታትም በፊት ቶኒና የእኅቱ ባል በሐይቅ ላይ በጀልባ ተቀምጠው፥ እንዲህ ያለው ሞት ሲመጣ ሰው ድምፁን እንኳ ላይሰማው እንደሚችል ተነጋግረው ነበር፤ ይህም ንግግር ከፍጻሜው በፊት ባለው ክፍል ዳግመኛ ተሰምቷል። እንግዲህ ሰሙ የመብራት መጥፋት ነው፤ ወርቁም የሰውየው ዐይን መከደን ነው። ቼስ በመጀመሪያ አልተረጕምም ብሎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የቶኒን ሞት አስቦ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ቃል ተናገረ። ባለቅኔው ዘግይቶ ባይፈታውም ኖሮ ቅኔው ራሱን ችሎ ይቆም ነበር እንላለን።

ሁለተኛው ክስ ግን ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ነው፤ እርሱም ተመልካቾቹ በአፋቸው ያልተናገሩት ክስ ነው። ብዙዎቹ የተቈጡት የቶኒን ቅጣት በዐይናቸው ስላላዩ ነው። ቼስ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲጠየቅ፥ እነዚህ ሰዎች ቶኒ ሲሰርቅና ሲገድል ስምንት ዓመት በደስታ ሲያዩት ኖረው በመጨረሻ ደሙ ሲፈስስ ለማየት መጐምጀታቸው እንዳስጸየፈው ተናግሯል። ይህን ያለው በከንቱ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. በታየው በአምስተኛው ክፍል ቶኒ ልጁን ኮሌጅ ሊያሳያት ወስዶ፥ በመንገድ ያገኘውን አንድ ከዳተኛ በገዛ እጁ አንቆ ይገድለዋል። በዚያው ሌሊት ሚስቱ በቤቷ ለካህን ተናዝዛ ትቈርባለች። የጣቢያው ሹማምንት ይህን ያየ ሕዝብ ሰውየውን ይጠላዋል ብለው ሰግተው ነበር፤ ቼስ ግን አልለውጥም አለ። ሕዝቡም አልጠላውም። ይልቁንም ከዚያ በኋላ አብዝቶ ተከተለው።

ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱን ለይቶ ሊፈርድ አይደለም። ቶኒ እንደ ልጁ ያሳደገውን ዘመዱን፥ በመኪና አደጋ ቈስሎ ሳለ፥ አፍንጫውን ይዞ ትንፋሹን ሲያቋርጠው አይቻለሁ። ይህን ካየሁ በኋላ ግን፥ በመጨረሻው ምግብ ቤት ያ የማይታወቅ ሰው ሲገባ ልቤ ለቶኒ ፈራ፤ ተነሥ፥ ውጣ ይለው ነበር። መብራቱም በጠፋ ጊዜ የተሰማኝ የፍርድ ደስታ አልነበረም። ወዳጁን በመንገድ ላይ የጣለ ሰው የሚሰማው ዓይነት ድንጋጤ ነበር። ብዙ ዓመት ስለ ንስሓ ያስተማረ ሰው ለነፍሰ ገዳይ እንዲህ ማድላቱ እጅግ አሳፈረኝ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስገደደኝም ይኸው ኀፍረት ነው።

ነቢዩ ናታን የአንዲቱን በግ ምሳሌ ለንጉሥ ዳዊት በነገረው ጊዜ ንጉሡ እጅግ ተቈጣ፤ በዚያ ባለጠጋ ላይም የሞት ፍርድ ፈረደ። የፈረደው ግን በራሱ ላይ መሆኑን ገና አላወቀም ነበር። ያን ሌሊት የተቈጣው ተመልካች በዚህ መካከል ያለውን ዳዊትን ይመስላል፤ ፍርድ ይሻል፥ ነገር ግን ከክፋቱ ጋር ምን ያህል እንደ ተወዳጀ አላስተዋለም። የጨለመ የቴሌቪዥን መስተዋት በፊቱ የተቀመጠውን ሰው መልክ መልሶ ያሳያል፤ በዚያች 10 ሰኮንድ ተመልካቹ ካየው ነገር ሁሉ እውነተኛው ምናልባት ይኸው ነበር። ፍርዱም ቢሆን ቀደም ብሎ ተነግሯል። በ1993 ዓ.ም. በታየው ክፍል አንድ ሽማግሌ ሐኪም ለካርሜላ፥ የደም ገንዘብ አልቀበልሽም፥ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ የሚል ምክር ሰጥቷታል፤ እርሷ ግን አልወጣችም። ሜልፊም ከፍጻሜው በፊት ባለው ክፍል፥ ምክሯ ሰውየውን በክፋቱ እንደ ረዳው ገብቷት በሩን ዘግታበታለች። የተመልካቹ ጥፋት ይህን ሁሉ እያየ አለመስማቱ ነው።

ደራሲውም ቢሆን ከነቀፌታ ነጻ አይደለም። ናታን ምሳሌውን ከተናገረ በኋላ ዝም አላለም፤ ያ ሰው ንጉሡ ራሱ መሆኑን ገልጦ ነገረው፥ ዳዊትም ንስሓ ገባ። ቼስ ግን ምሳሌውን ተናግሮ ሄደ። ስለዚህ ብዙው ሰው ሞተ፥ አልሞተም በሚል ክርክር ብዙ ዓመት ደከመ፤ እኔ ከማን ጋር ነበርሁ ብሎ ግን አልጠየቀም። በ1996 ዓ.ም. በታየው ክፍል ወደ ዱር ተወስዳ የተገደለችውን አድሪያናን የሚያነሣ በዚህ ክርክር መካከል እምብዛም አልሰማንም፤ የገዳዩ ሕይወት ሲያከራክር የተገዳዮቹ ሞት ተረሳ። ስምንት ዓመት ኀጢአትን እንዲህ አጣፍጦ ያቀረበ ደራሲ፥ ሕዝቡ ጣፋጩን ወድዶ መራራውን ቢጠላ ሊደነቅ አይገባውም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፥ መስከረም 19 ቀን 2006 ዓ.ም. የተፈጸመው ብሬኪንግ ባድ የሚባለው ትያትር ደግሞ ሌላውን መንገድ ሄዷል። በዚያ ታሪክ መርዝ ሻጭ የሆነው መምህር ዋልተር ዋይት፥ ያን ሁሉ ያደረገው ለቤተ ሰቡ ሳይሆን ለራሱ ደስታ መሆኑን ለሚስቱ ይናዘዛል፤ ጠላቶቹን ያጠፋል፤ እርሱም ይሞታል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አየው፤ አብዛኛውም ረክቶ ተኛ። ኑዛዜው መልካም ነው። ሆኖም ሁሉን ነገር አሰናድቶ የሚሞት ክፉ ሰው ተመልካቹን ያሳርፈዋል እንጂ አያስጨንቀውም። ፊተኛው እንቅልፍ ነሣ፥ ኋለኛው እንቅልፍ ሰጠ፤ ከሁለቱ የትኛው ለነፍስ እንደሚጠቅም አንባቢ ይፍረድ። እኛስ ነቀፌታችን እንደ ተጠበቀ ሆኖ ፊተኛውን እንመርጣለን።

ልጆቻችን ዛሬ እንዲህ ያለውን ትያትር በእጃቸው በያዙት ስልክ ያያሉ፤ አትዩ ብሎ መከልከል ብቻ የሚበቃ አይመስለንም። አባት ወይም የንስሓ አባት ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ፥ ያ ሰው ምን ሆነ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፥ ልብህ ለማን ሲያደላ ነበር ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል። ሞት ለቶኒ እንደ መጣ፥ ደወሉን አሰምቶ መልኩን ሳያሳይ፥ ለሁላችንም ሊመጣ ይችላል። መብራቱ ሳይጠፋ ከማን ጋር እንደ ተቀመጥን ለማወቅ እግዚአብሔር ልቡና ይስጠን።