ቀለሙን የቀየረው ማን ነው?

ሕትመቱ ወደ ሮዝ ያዘነበለበት ባለሙያ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ሬንደሪንግ ኢንቴንቱን ነው። ምርጫው አራት ብቻ ስለሆነ መሞከሩ አይከብድም፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ መነካት ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። ኢንቴንት የሚወስነው ኢንኩና ወረቀቱ ሊያወጡት የማይችሉት ቀለም ሲመጣ በምን እንደሚተካ ነው። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ፎቶ ይህን በደንብ ያሳያል። በነጩ ሸማ እጥፋት ውስጥ ያለው ጥላ ግራጫ ነው፤ መካከለኛ ግራጫ ደግሞ የትኛውም የፎቶ ወረቀት የሚችለው ቀለም ነው። ጥላው ከቀላ ፐርሴፕቹዋልን ትቶ ሬላቲቭ ከለሪሜትሪክን መምረጥ አያነጣውም። ያኔ የሚፈለገው ቀለሙን ሁለቴ የቀየረው ነው፦ ፎቶሾፕ በወረቀቱ ፕሮፋይል ቀይሮ የላከውን ፋይል፣ የራሱ ከለር ማኔጅመንት ያልጠፋለት ድራይቨር እንደገና ሲቀይረው ሕትመቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማጀንታ ያደላል። የወረቀት ዓይነት ምርጫም እንዲሁ ነው። ምን ያህል ኢንክ እንደሚረጭ የሚወስነው እሱ ስለሆነ፣ ለግሎሲ የተሠራ ፕሮፋይል በማት ሴቲንግ ከታተመ ምንም ኢንቴንት አያድነውም። (ኖዝሉ መደፈን አለመደፈኑ ከዚህ ሁሉ በፊት ይታያል።)

የኢንቴንት ተራ የሚመጣው ጥለቱ ላይ ነው። በአዶቤ አርጂቢ የተቀመጠ ደማቅ አረንጓዴ ጥለት ከማት ወረቀት አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ሬላቲቭ ከለሪሜትሪክ ከአቅም በላይ የሆነውን ሁሉ ወደ ዳርቻው ስለሚያመጣው፣ የክሩ ደማቅና ደብዛዛ ልዩነት ጠፍቶ ጥለቱ አንድ ወጥ ቅብ ይመስላል፤ ፐርሴፕቹዋል ድምቀቱን ቀንሶ ልዩነቱን ያተርፋል። «ፐርሴፕቹዋልማ ሙሉውን ፎቶ ይነካል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የፕሮፋይል ደረጃ አውጪ አይሲሲ የመጨመቁን ስልት ለፕሮፋይል ሠሪው ስለተወው የሁለት አምራቾች ፐርሴፕቹዋል አንድ አይሆንም። ቢሆንም የሚለወጠው ድምቀትና ጥልቀት ነው እንጂ፣ በወጉ የተሠራ ፕሮፋይል ግራጫን አያቀላም። ለየት የሚለው አብሶሉት ከለሪሜትሪክ ነው፤ የሌላ ወረቀት ነጭ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ለፕሩፍ የተሠራ በመሆኑ ባዶውን ነጭ ሳይቀር ሊያቀልም ይችላል።

ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ይህን ሁሉ ከመመርመር ማጀንታውን በከርቭ መቀነስ አይሻልም ወይ? ለዚያ ፎቶ ይሠራ ይሆናል። ግን ማስተካከያው ፋይሉ ውስጥ ይቀራል፤ ሴቲንጉ የታረመ ዕለት ያው ፎቶ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ከጥቁር እስከ ነጭ የተደረደረ ግራጫ ስትሪፕ በቁራጭ ወረቀት ላይ በዚያው ሴቲንግ ማተም ከዚህ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ስትሪፑ ንጹሕ ከወጣ ጥፋቱ የፎቶው ነው፤ ከርቩን ያኔ መንካት ይቻላል።