ያበደሩትን ማስመለስ፦ የከርነል በይነገጽ አቀማመስ

ዲላ ወዳለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቅርንጫፍ የቡና ናሙና ሲገባ፣ ቀማሹ መጀመሪያ የሚፈልገው ጥሩ ጣዕም አይደለም፤ እንከን ነው። ጥሬ ፍሬው ከ40፣ ሲኒው ከ60 ይመዘናል፤ በሲኒው ውስጥም ንጽሕና ራሱን የቻለ ነጥብ አለው። የይርጋጨፌ ስም የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ ከአንዱ ሲኒ የሻጋታ ሽታ ከወጣ ስሙ አያድነውም። እኔ እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው፤ ቡናን ከመጠጣት ያለፈ ሙያ የለኝም። ይሁንና የሊኑክስ ከርነልን በይነገጾች ለመመዘን ስቀመጥ የማስበው እንደዚያ ቀማሽ ነው።

የምመዝነው ሥራ ይህን ይመስላል። አንድ ትልቅ ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ይከፋፈላል፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ባሉት ዳታ ሴንተሮችም ሆነ በዓለም ትላልቆቹ ክላውዶች ልማዱ አንድ ነው። ከተከራዮቹ አንዱ ፍጥነት ፈልጎ የኔትወርክ ካርድ ወይም ጂፒዩ በቀጥታ ይሰጠኝ ይላል። ችግሩ ካርዱ ሲፒዩውን ሳያስፈቅድ ሜሞሪ ላይ በራሱ የሚጽፍ መሆኑ ነው፤ ይህ ዲኤምኤ ይባላል። ልጓም ካላገኘ የለየለት ድንበር ገፊ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ማሳው ጠባብ፣ ጎረቤቱም ቅርብ ስለሆነ ድንበር ገፊ ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ድንበሩን የሚጠብቀው አይኦኤምኤምዩ የሚባለው የሃርድዌር ክፍል ነው። ኢንቴል ቪቲ-ዲ፣ ኤኤምዲ ኤኤምዲ-ቪአይ፣ አርም ኤስኤምኤምዩ ይሉታል። ካርዱ የጠራው አድራሻ በሠንጠረዡ ላይ ካለ ያሳልፈዋል፣ ከሌለ ይመልሰዋል። ሠንጠረዡን የሚጽፈው ግን ከርነሉ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ኪውኢሙ፣ «ይህን ያህል ሜሞሪ ለዚህ ካርድ ፍቀድልኝ» ብሎ ከርነሉን የሚጠይቅበት ቋንቋ ደግሞ በይነገጹ ነው። ይህ ቋንቋ አንዴ ከወጣ አይመለስም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለዓመታት ሳያወላውል የያዘው ሕግ አለ፦ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በከርነሉ ለውጥ ዛሬ ከተሰበረ ጥፋቱ የከርነሉ ነው። ስለዚህ መጥፎው በይነገጽም እንደ ጥሩው ዕድሜው ረጅም ነው።

ጀማሪ ገምጋሚ የሚሳሳተው አሰጣጡን ብቻ አይቶ ሲፈርድ ነው። ሜሞሪ መፍቀድ ቀላል ነው፤ ማንኛውም በይነገጽ ያምርበታል። ገንዘብም ማበደር የእጅ ሥራ ነው፣ ማስመለሱ ግን የእግር። እኔ የአንድ በይነገጽ ሰነድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምገልጠው «መልስ» የሚለው ትዕዛዝ የተጻፈበትን ገጽ ነው።

ይህን ያስተማረኝ መሣሪያን ለቨርቹዋል ማሽን በቀጥታ የመስጫው በይነገጽ፣ ቪኤፍአይኦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊኑክስ 3.6 ጋር የገባው ይህ ሥራ፣ አሌክስ ዊሊያምሰን በሬድ ሃት ሆኖ ሲመራው የኖረ፣ ዛሬም ብዙው ዓለም የሚሠራበት ነው። በመጀመሪያው የአይኦኤምኤምዩ አሠራሩ ውስጥ ግን አንድ የሻገተ ፍሬ ነበረ። ፕሮግራሙ ሁለት ሜጋባይት ሲያስፈቅድ አይኦኤምኤምዩው እንደ አንድ ትልቅ ገጽ ሊመዘግበው ይችላል። ቆይቶ ፕሮግራሙ ከመካከሉ አራት ኪሎባይት ብቻ መልስልኝ ሲል፣ ከርነሉ «ተሳክቷል» ይልና የተመለሰው መጠን ዜሮ መሆኑን ዝቅ ብሎ ይጽፋል። ጥያቄው የገጹን መጀመሪያ ከነካ ደግሞ ሙሉው ሁለት ሜጋባይት ይነቀላል፤ አሁንም መልሱ «ተሳክቷል» ነው። ዜሮ መልሶ ተሳካልኝ ማለትን ምን እንበለው? ለእኔ ውሸት ነው። ሠሪዎቹ የድሮውን መሰረዝ ስለማይችሉ ሁለተኛ ዓይነት ጨመሩ፤ በእሱ ቀድሞ የተፈቀደን ክልል ለሁለት የሚቆርጥ የመመለስ ጥያቄ ስህተት ተብሎ ይመለሳል። የቀድሞው ግን ዛሬም አጠገቡ አለ፤ የተማመኑበት ፕሮግራሞች ስላሉ ይኖራልም።

ሁለተኛው ምሳሌ የካርዱን የራሱን ሜሞሪ ይመለከታል። ለፍጥነት ሲባል እንግዳው፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ፣ የካርዱን ሬጅስተሮች በቀጥታ እንዲነካ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲቪኢ-2020-12888 ተብሎ የተመዘገበው ድክመት የመጣው ከዚህ ነው። እንግዳው የካርዱን የሜሞሪ በር በትዕዛዝ ሬጅስተሩ ዘግቶ፣ የዘጋውን ቦታ መልሶ ቢነካ፣ በአንዳንድ ሰርቨሮች ላይ የሚፈጠረው የሃርድዌር ስህተት አስተናጋጁን፣ ማለትም ሰርቨሩን ራሱን፣ ጭምር ይጥላል። አንዱ ተከራይ መብራቱን አጥፍቶ ሕንፃውን ሁሉ አጨለመ እንደማለት ነው። መድኃኒቱ በሩ በተዘጋ ቅጽበት ከርነሉ የሰጠውን ቀጥታ መንገድ እንዲነጥቅ ማድረግ ነበር። ሲሰጥ ያልታሰበው ንጥቂያ ከስምንት ዓመት በኋላ ተጨመረ ማለት ነው።

ቪኤፍአይኦን እያማሁ እንዳልመስል፣ ከማደንቀው አንዱን ልናገር። በይነገጹ መሣሪያን ለብቻው አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ቡድን ነው። ሃርድዌሩ ሁለት መሣሪያዎችን አንዱን ከሌላው መነጠል ካልቻለ፣ ከርነሉ በአንድ ቡድን ያስቀምጣቸዋል፤ አንዱን ለእንግዳ ሰጥቶ ሌላውን ለራስ ማስቀረት አይፈቅድም። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጂፒዩ ለእንግዳ ለመስጠት ስሞክር ይህ ሕግ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በላብኝ። ከጂፒዩው ጋር የራሱ የድምፅ ክፍልና አንድ የማይመለከተኝ ካርድ በአንድ ቡድን ታስረው ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ቡድኑን በግድ የሚበትን ጥገና ፈልጎ ይጭናል። ያ ጥገና ለዓመታት በሰው እጅ ሲዘዋወር ኖሯል፣ ወደ ዋናው ከርነል ግን አልገባም። አለመግባቱ ልክ ነው። ሃርድዌሩ የሌለውን ድንበር በወረቀት ላይ መሳል፣ ደረጃ አራት ቡና ላይ የደረጃ አንድ ማኅተም መምታት ነው።

የስም ሐቀኝነትም እዚሁ ይጠቀሳል። አይኦኤምኤምዩ ለሌለው ማሽን ያለ ጥበቃ የሚሠራበት መንገድ በኋላ ሲጨመር፣ ማብሪያው ላይ «አደገኛ» የሚል ቃል ተጻፈበት፤ የፋይሉ ስም ተለየ፤ ሲበራም ከርነሉ ራሱን «ተበክያለሁ» ብሎ ይመዘግባል። ተጠቃሚው ሳያውቅ የሚገባበት በር የለም።

እንግዲህ የቪኤፍአይኦ የሜሞሪ አፈቃቀድ ተተኪው፣ አይኦኤምኤምዩ-ኤፍዲ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሊኑክስ 6.2 ጋር ወጣ፤ ከኋላው ጎልቶ የሚታየው የኤንቪዲያው ጄሰን ገንቶርፕ ነው። ካርድ በማንኛውም ሰዓት ሊጽፍበት የሚችል ገጽ ከቦታው እንዳይነቃነቅ በሜሞሪ ላይ መቸንከር አለበት፤ የተቸነከረውም በተጠቃሚው የኮታ ሒሳብ ይያዛል። በቀድሞው አሠራር አንድ ማሽን ብዙ ካርዶች በየራሳቸው የአድራሻ ክልል ሲኖሩት፣ ያው ሜሞሪ ለእያንዳንዱ እንደገና ይቆጠር ነበር፤ 16 ጊጋባይት ያለው እንግዳ በአራት ካርድ 64 ጊጋባይት የበላ ይመስላል። አዲሱ የአድራሻ ክልሉን፣ የሃርድዌር ሠንጠረዡንና መሣሪያውን ለየብቻ አቁሞ፣ የተቸነከሩትን ገጾች ያጋራቸዋል፤ አንዴ ብቻ ይቆጠራሉ። ሁሉም በፋይል ዲስክሪፕተር ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ፕሮግራሙ በድንገት ቢሞት እንኳ ፋይሉ ሲዘጋ የተፈቀደው ሁሉ ይነሳል። ባለቤቱ ሲሞት ርስቱ ሜዳ ላይ አይቀርም። የድሮውን የቪኤፍአይኦ ቋንቋ መስሎ መናገር መቻሉ ደግሞ ትሕትናው ነው።

አንድ በይነገጽ ለነገ ቦታ ትቶ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ በትዕዛዙ የመጀመሪያ መስመር ላይ የትዕዛዙን መጠን የሚናገር ቁጥር አለ? የማያውቀው ምልክት ሲላክለት ስህተት ብሎ ይመልሳል ወይስ ዝም ብሎ ይውጠዋል? የሚውጥ ከሆነ ጣሉት።

ለመጨረሻ ያቆየሁት የእንግዳውን ሜሞሪ የሚይዘውን ጌስት-ሜምኤፍዲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሊኑክስ 6.8 ጋር የከርነሉ የቨርቹዋል ማሽን ክፍል ወደሆነው ኬቪኤም ገባ። የእንግዳውን ሜሞሪ ከአስተናጋጁ የሚሰውሩት የኤኤምዲ ኤስኢቪ-ኤስኤንፒና የኢንቴል ቲዲኤክስ ሲመጡ ጥያቄው ተገለበጠ፤ አሁን እንግዳውን ከአስተናጋጁም መጠበቅ ያስፈልጋል። የዚህ ሥራ ውበት በእምቢታው ነው፤ ሲገባ፣ በዚህ መንገድ የተያዘን ሜሞሪ የአስተናጋጁ ፕሮግራም በራሱ የአድራሻ ክልል ላይ መዘርጋት ጭራሽ አይችልም ነበር። ከሰጡ በኋላ ከመንጠቅ ከመጀመሪያው አለመስጠት። ግን ቪኤፍአይኦ ለካርድ ሜሞሪ የሚያስፈቅደው በፕሮግራሙ አድራሻ ነው፤ አድራሻ የሌለውን ሜሞሪ በዚያ ቋንቋ መጥራት አይቻልም። ሁለቱ ጥሩ ሥራዎች የማይገናኙበት ስፌት ይህ ነው፤ ቀጣዩን በይነገጽ የምመዝነው እዚያ ላይ ነው።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ለምትማሩ፦ ሊኑክስ ያለበት ማንኛውም ላፕቶፕ ለልምምድ ይበቃል። «ሲስ» ከሚለው ማውጫ ሥር «ከርነል»፣ ከእሱም ሥር «አይኦኤምኤምዩ ግሩፕስ» የሚለውን ክፈቱ። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቡድን ነው፤ ይዘቱም አብረው የሚሰጡና አብረው የሚመለሱ መሣሪያዎች ናቸው። ማውጫው ባዶ ከሆነ አይኦኤምኤምዩው በማሽኑ ላይ የለም፣ ወይም በባዮስ አለዚያም በከርነሉ ተዘግቷል።