ብዙ ዕቃ፣ አንድ ስም
ስለ ውሃ ጎማ መጋጠሚያዎች ስያሜ

ከባሕር ዳር እስከ ፎገራ ሜዳ፣ በጣና ዳርና በጉማራና በርብ ወንዞች ግራና ቀኝ፣ በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬ ከሞተር ፓምፕና ከጎማ ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል። ጎማውን ከፓምፑ፣ ወይም ጎማን ከጎማ ጋር የሚያዋድዱት ዕቃዎች ግን በጽሑፍ አማርኛችን የረባ ስም አላገኙም። በመመሪያዎች ላይ በአብዛኛው የምናየው «ማገናኛ» የሚለውን ነው፤ አልፎ አልፎ «ማያያዣ» ወይም «መጋጠሚያ» ይባላል፤ ሦስቱም ያለ ልዩነት ይለዋወጣሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህን ልማድ ነው።

ነቀፋችን የቃል ቅንጦት አይደለም። የፓምፕ ጎማ ሁለት ወገን አለው፤ መሳቢያና መግፊያ። በመግፊያው በኩል ግጥሚያው ከላላ ውሃው ወደ ውጭ ይረጫል፤ ጥፋቱ በዓይን ይታያል። በመሳቢያው በኩል ግን ግጥሚያው አንዲት ጠብታ ሳያፈስ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃው አይመጣም። የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ የአየሩ ግፊት ውሃን ሊያነሣ የሚችለው በስሌት 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በባሕር ጠለል ከ10 ሜትር ያልፍ ነበር። በተግባርም ከዚህ ያንሳል። እንግዲህ «ማገናኛው ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የተላከ ልጅ የትኛውን ዕቃ ይዞ ይመለስ? ሽንኩርቱ እንደሆነ ልጁ ሁለተኛ እስኪመላለስ አይጠብቅም።

ችግሩ የስም እጥረት ብቻ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል፤ የትምህርቱ ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ነበር። የጋራዡ ቋንቋ ደግሞ ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ እያለ ከጣሊያንኛ ተበድሯል። መመሪያ አርቃቂው በሁለቱ መካከል ቆሞ «ማገናኛ» ይላል።

ቃሎቹን ከፍቺያቸው እንመርምር። «አገናኘ» እንዲገናኙ ማድረግ ነው፤ ሽማግሌም፣ ድልድይም፣ ስልክም ያገናኛሉ። ስለ ጥብቀት የሚናገረው የለም። «ገጠመ» ግን አፍ ለአፍ ልክ መሆንን ያመለክታልና፣ «መጋጠሚያ» ለመላው የዕቃ ወገን የወል ስም ሊሆን ይገባዋል። «ቀጠለ» ማስረዘም ነው፤ በሁለት ጎማዎች መካከል ገብቶ የሚያስረዝማቸው አጭር ቧንቧ «መቀጠያ» ቢባል የሚሳሳት አይኖርም።

ጎማውን ከላይ ዞሮ የሚያንቀው የብረት ቀለበት ሌላ ነው። መካኒኮች «ፋሼታ» ይሉታል፤ አርቃቂዎች «የጎማ ማሰሪያ ቀለበት» ብለው በሦስት ቃል ያንዛዙታል። አራሹ ግን ለዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ቃል አለው፤ ወገል። ወገል ማረሻውንና ድግሩን ከውጭ ዞሮ አጥብቆ የሚይዝ የብረት ቀለበት ነው። «የጎማ ወገል» ቢባል የጎጃምና የበጌምድር ገበሬ ወዲያው ይገባዋል፤ ከተሜው ይማር። ወገል በብሎን አይጠብቅም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ በእኛ አስተያየት ግን ስያሜ የሚከተለው ሥራውን እንጂ የአጠባበቁን ስልት አይደለም።

አየር የሚከላከለው የላስቲክ ቀለበትም እንዲሁ ነው። አረቄ አውጪዋ ሸምበቆውን ከማሰሮው አፍ ካስገባች በኋላ ዙሪያውን በጭቃ ወይም በሊጥ ትመርገዋለች፤ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ። ከዚሁ ግሥ «መርጊያ» ማለት ይቻላል። ምርጊትን ከቤት ግድግዳ ጋር ብቻ የሚያያይዝ አንባቢ ቢኖር ወደ ጓዳ ጎራ ይበል።

«ወንዴ»ና «ሴቴ» የሚሉት የሠራተኛው ቃላት አጭርና ግልጽ ናቸውና ይጽደቁ። ይሁንና ጀርመናዊው ሽቶርትስ እ.ኤ.አ. በ1882 የፈጠረው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚገለገሉበት መጋጠሚያ ወንዴም ሴቴም የለውም፤ ሁለቱ አካላት አንድ ዓይነት ናቸው። ለዚህ «አቻ መጋጠሚያ» የሚለውን እናቀርባለን። የጥቅሙን ክብደት ለሚጠራጠር፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የአሜሪካዋ ባልቲሞር ስትቃጠል ከሌሎች ከተሞች ለርዳታ ከመጡት ብዙዎቹ፣ የጎማቸው ጥርስ ከከተማይቱ የውሃ ማውጫ ጋር ስላልገጠመ ሊረዱ እንዳልቻሉ ማስታወስ ይበቃል።

«ኒፕል»ን ግን አንነካውም። በሁለቱም ጫፍ ጥርሱ ከውጭ የሆነውን ያን አጭር ቧንቧ ሻጩም ገዢውም በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ተግባብተው የሚገበያዩበትን ቃል መንቀል ሌላ ማገናኛ መትከል ነው።