ሰባት ለሁለት
እ.ኤ.አ. በ1979 ቴሪ ቤልና ላሪ ሀባርት የተባሉ ፕሮፌሽናሎች የመሠረቱት የአሜሪካ ፑል ተጫዋቾች ማኅበር ለአማተር ሊጉ የሚጠቀምበት የደረጃ ስሌት ሊደነቅ ይገባዋል። በስምንት ቁጥር ኳስ ጨዋታ ደረጃ 7 ያለው ጎበዝ ደረጃ 2 ያለውን ጀማሪ ለመርታት 7 ጌም መውሰድ አለበት፤ ለባላጋራው 2 ይበቃዋል። «ታዲያ ጉብዝና ያስቀጣል?» የሚል አይጠፋም። አያስቀጣም፤ ጎበዙ የቀረበት ያለ ላብ ማሸነፍ ብቻ ነው። የአንድ ቡድን አምስት ተሰላፊዎች የደረጃ ድምር ከ23 እንዳይበልጥ መደረጉ ደግሞ ጀማሪውን ከአጃቢነት አውጥቶ ተፈላጊ ያደርገዋል፤ ባለ 7ዎችን ብቻ ሰብስቦ መግባት አይቻልማ።

የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ደረጃው እንዳይጨምርበት ሆን ብሎ ኳስ የሚስት አለ። ለዚህም መዝጋቢው ማን እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን ተራው ስንቴ እንደዞረ፣ የትኛው ምት ለመከላከል እንደተመታ ጭምር ይጽፋል፤ ቀላሏን ኳስ አውቆ የሳተም ምቱ በመከላከል ይመዘገብበታል። ይህ አመዘጋገብ አጭበርባሪን ሁሉ አይዝም፤ ሥራውን ግን ያከብድበታል።