ከባሕር ዳር እስከ ላሊበላ፦ የስድስቱ ምላጮች ጥበብ

ለገና ላሊበላን ሊሳለም ከአዘና የሚነሣ ሰው በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። የዛጉዌ ነገሥታት አገው ነበሩና ጉዞው ለአዊ አገው የዘመድ ጥየቃም ጭምር ነው። ከባሕር ዳር ወዲያ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና የሚዞረው የመኪና መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሌላው ቀጥታ መስመር ቢሰመር ግን ርቀቱ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስመሩ ደብረ ታቦርን በግራ፣ ከ4000 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ጉናን በቀኝ ትቶ በመካከላቸው ያልፋል።

ለትልቅ ጄት ይህ ርቀት አይበቃውም፤ ከፍታውን ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። ለእንዲህ ያለ አጭር በረራ የሚስማማው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የሚያሰማራው ኪው 400 ካናዳ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ፕሮፔለሩ ነው። አየር መንገዱ በ1946 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረባቸው ዲሲ 3 አውሮፕላኖች በየሞተሩ ሦስት የብረት ምላጭ ነበራቸው። የኪው 400 ስድስት ናቸው፤ ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ፣ ጫፋቸው እንደ ማጭድ ወደ ኋላ የጎበጠ። አሸዋና ዝናብ የሚመታው የፊት ጠርዛቸው ስስ ብረት ለብሷል።

ጥበቡ ያለው የምላጩ ጥምዘዛ ላይ ነው። ፕሮፔለሩ ከዳር እስከ ዳር ከ4 ሜትር በላይ ይሰፋል፤ በመደበኛ በረራ በደቂቃ 850 ጊዜ ይዞራል። በዚህ ፍጥነት የምላጩ ጫፍ በሰከንድ ከ180 ሜትር በላይ ሲሄድ፣ ወገቡ የዚያን ግማሽ ብቻ ይሄዳል። ምላጩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ አንዱ ክፍል አየሩን በወጉ ሲይዝ ሌላው በከንቱ ይዞር ነበር። ስለዚህ ሥሩ በጣም ዘንበል ብሎ ይጀምርና ወደ ጫፉ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይተኛል። ጥምዘዛው የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ በዓይን ለይቶ ማመልከት አይቻልም። እንዲህ ያለ የእጅና የስሌት ሥራ ብዙ አላየሁም።

ምላጮቹ በእምብርቱ ውስጥ በየዘንጋቸው ይዞራሉ። አውሮፕላኑ ሲነሣ አንድ ማዕዘን፣ በበረራ ሌላ ማዕዘን ይይዛሉ። ጎማው መሬት እንደነካ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆነው አየሩን ይገቱታል፤ ተሳፋሪው የሚሰማው ድንገተኛ የድምፅ ለውጥ ይህ ነው። በ2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለተሠራው ለላሊበላ ማረፊያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ አውሮፕላን ይበልጥ ፈጥኖ ያርፋል፤ ለመቆምም ይበልጥ ይቸገራል።

ይህን ሁሉ በልኩ የሚያቆዩት መካኒኮች ናቸው። በጠርዙ ላይ የምትገኝ ትንሽ ጭረት እንኳ በጣት ተዳስሳ፣ በመሣሪያ ተለክታ ወይ ትጠገናለች ወይ ምላጩ ይለወጣል። ስማቸውን ተሳፋሪ አያውቀውም፤ ይገባቸዋል ከሚባለው ምስጋና ሩቡን እንኳ ያገኙ አይመስለኝም።

ደረጃውን ከመውጣትዎ በፊት፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ፣ ወደ ፕሮፔለሩ ይመልከቱ። ከአንዱ ምላጭ ሥር ጀምረው እስከ ጫፉ በዓይንዎ ይከተሉት።